ሰፈሩ ቢበተንም መዝገቡ ይነበብ፦ ለአዲስ አበባ እድሮች አመራሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ እድሮች ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና ንብረት ያዦች
ግልባጭ፦ ለየወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች

ጉዳዩ፦ በእድር አመራርና በአባላት መካከል ያለውን መተማመን ስለ መጠበቅ

የተከበራችሁ የእድር አመራሮች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንድ የመሀል ከተማ እድር በጸሐፊነት የማገለግል የሥራ ባልደረባችሁ ነኝ። ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደርና ለመልሶ ማልማት ሥራ ሲነሱ፣ ከእነርሱም በፊት ልደታና ሌሎች የቆዩ ሰፈሮች በየተራ ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ገላን ጉራ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ እየተባለ በከተማዋ ዳርቻ ተበትኗል፤ እድሩ ግን በመዝገብ ላይ ያው እድር ሆኖ ቀርቷል። ስለ መነሳቱ ተገቢነት ብዙ የተባለ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። ማንሳት የፈለግሁት፣ አባል ከአባል፣ አባልም ከአመራር በዓይን በማይተያዩበት በዚህ ጊዜ፣ እኛ በአደራ የያዝነው ገንዘብና ንብረት፣ ከዚያም በላይ የያዝነው ስም፣ ከእንግዲህ በምን ላይ ሊቆም እንደሚችል ነው።

ሰፈሩ አንድ ላይ ሳለ አመራሩን የሚጠብቀው በመተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈው ተቆጣጣሪ ብቻ አልነበረም። ገንዘብ ያዡ የሚኖረው ከእኛው ጋር በአንድ ቅያስ ነበር፤ ልጁ የት እንደሚማር፣ ቤቱን መቼ እንዳሳደሰ፣ ከማን ተበድሮ ለማን እንደመለሰ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሮቹ የተቀመጡበትን ግቢ አባሉ ወደ ገበያ ሲሄድም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ያልፈዋል፤ ትልቁ ጎላ ለሠርግ ተከራይቶ ቢወጣ ለስንት እንደተከራየ ሳይመሽ ይሰማል። የወሩ ስብሰባ ላይ የቀረ ይቀጣል፣ የዘገየም ይቀጣል፣ ቅጣቱንም የሚጠራው ሰው ጎረቤቱ ነው። አባሉ አመራሩን ያምን የነበረው በንግግሩ ተማርኮ አልነበረም፤ ሲገባና ሲወጣ ስለሚያየው ነበር። ያ ሁሉ ዓይን ዛሬ የለም። ገንዘብ ያዡ ጀሞ፣ ጸሐፊው አራብሳ፣ ድንኳኑ ከመፍረስ በተረፈ አንድ ግቢ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ዳኛው ከልጃቸው ጋር ሌላ ክፍለ ከተማ በሚኖሩበት ሁኔታ፣ «ያው ድሮም እንተማመን ነበር» ማለት አይበቃም፤ ድሮ የምንተማመነው ስለምንተያይ ነበርና።

እድርን ያቋቋሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ነገሩን ለዓይን ብቻ አልተዉትም ነበር። ዳኛው ይወስናል፣ ገንዘብ ግን አይነካም፤ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ካዝና ግን አይከፍትም፤ ገንዘብ ያዡ ይይዛል፣ የሌሎቹ ፊርማ ከሌለበት ግን ሳንቲም አያወጣም። ይህን ያደረጉት ሰው ሁሉ ሌባ መስሏቸው አይመስለኝም። እኔ እንደምረዳው ታማኙ ሰው ሳይታማ አገልግሎ ሳይታማ እንዲሰናበት ነው የፈለጉት። ከእኛ መካከል ቁጥጥርን እንደ ስድብ የሚቆጥር፣ «ይህን ያህል ዘመን አገልግዬ ደግሞ ልጠየቅ?» ብሎ የሚቆጣ አመራር ሲያጋጥመኝ የማዝነው ለእድሩ ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሚጠብቅለትን ነገር ራሱ እየገፋ ስለሆነ ለእርሱም አዝንለታለሁ። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው የአገራችን ተረት በእኛ መካከል ሲነገር ትንሽ ፈገግ ያሰኛል፤ ሥራችን መቅበር ነውና፣ እኛ ለመታመን እስከዚያ ድረስ እንድንቆይ የሚፈቅድልን አባል የለም።

ሕጉንም ልጥቀስ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን የመሰሉ ባህላዊ ተቋማት ላይ ተፈጻሚ እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ይህ በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ እድር የመንግሥት ቅጽ እየሞላ የሚኖር ተቋም ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናውቀውን ባልሆነ ነበር። ሆኖም ውሳኔው ከባድ ነገር ትከሻችን ላይ ጥሎብናል። በየዓመቱ የሒሳብ ሪፖርታችሁን አምጡ ብሎ የሚያንኳኳ መሥሪያ ቤት የለብንም። ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው ቢመዘግበንም መዝገባችንን ገልጦ ገቢና ወጪ አያመሳክርም። ፍርድ ቤት ክፍት ነው፤ ዳሩ ግን እናቱን የቀበረለትን ዳኛ፣ ለልጁ ሠርግ ድስትና ሰሃን ያዋሰውን ንብረት ያዥ ከስሶ ችሎት የሚያቆም አባል ስንት ነው? ስለዚህ የማንመረመረው ንጹሕ ስለሆንን ሳይሆን የሚመረምረን ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ አባሉም ይህን ልዩነት ከርቀት መለየት አይችልም።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚሠራውን ሥራ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። አባል ስለ እድሩ ገንዘብ ጥርጣሬ ሲገባው በጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ አይጠይቅም። ቢጠይቅ «እገሌን ሌባ አለው» ይባላል፤ ነገ ለቅሶ ቢደርስበት በማን ፊት ይቆማል? ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን በሌላ በኩል ይወጣል። መጀመሪያ ራሱ መምጣቱን ትቶ መዋጮውን በልጁ ይልካል። ቀጥሎ ለቅሶ ቤት ሄዶ ስሙን አስጠርቶ ተመዝግቦ ይወጣል እንጂ ቁጭ ብሎ አያመሽም። ከዚያ በአዲሱ ኮንዶሚኒየም ግቢ የተቋቋመ ሌላ እድር ይገባል፤ የእኛን ደግሞ «ለማንኛውም» ብሎ ጥቂት ወር ከከፈለ በኋላ ያቆመዋል። እኛ መዝገብ ላይ «ውዝፍ ያለበት» ብለን የምንጽፈው ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ መጠየቅ አፍሮ የሄደ ነው። በጉባኤ ላይ «ጥያቄ አለ? የለም? እናመሰግናለን» ተብሎ ሲጨበጨብ ደስ የሚለን ሰዎች፣ ያ ጭብጨባ ምን እንደሆነ ደግመን ብናስብ መልካም ነው።

በቅርብ የማውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የእድሩን ስም አልጠቅስም። ከመሀል ከተማ ተነሥተው ሩቅ ሳይት የደረሳቸው አንዲት እናት በየወሩ መዋጮአቸውን በቴሌብር ይልኩ ነበር፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብዙዎቻችን እንደለመድነው ማለት ነው። የሚልኩት ግን ወደ እድሩ ሒሳብ ሳይሆን ወደ ገንዘብ ያዡ የግል ስልክ ነበር። ገንዘብ ያዡ ደግ ሰው ነው፤ የደረሰውን ለእድሩ ያስገባል፣ ነገር ግን የአሥራ ምናምን ሰው መዋጮ ከራሱ ገንዘብ ጋር ተቀላቅሎ ስልኩ ላይ ስለሚገባ ማን ለየትኛው ወር እንደከፈለ መዝገቡ ላይ በሰዓቱ አልሰፈረም። የእናቲቱ ባለቤት ያረፉ ዕለት ልጃቸው ለጸሐፊው ደወለ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ሲያይ በስማቸው ትይዩ ክፍት ቦታ አገኘ፤ በደንቡ መሠረት ከሦስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት አባል ክፍያ አያገኝም። ያች እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሰው እንባቸውን እየጠረገላቸው፣ ስልካቸውን ለልጃቸው ሰጥተው «እስቲ ከታች ያለውን መልእክት አሳያቸው» እያሉ የከፈሉበትን ሲያስፈልጉ ዋሉ። ገንዘቡ ከሰልስቱ በኋላ ተከፍሏቸዋል፤ በገንዘብ በኩል የጎደለባቸው የለም። በዚያው ሳይት የሚኖሩ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸው ግን በዓይናቸው አይተዋልና፣ በቀጣዩ ወር ከመካከላቸው የከፈለው ጥቂት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ሌባ የለም፤ ያነሣሁትም ለዚህ ነው። ስለ መተማመን ሲወራ ወዲያው የሚታሰበን ስርቆት ነው፤ አብዛኛውን እድር እያፈረሰ ያለው ግን ታማኝ ሰው በልማድ የሚሠራው ያልተጻፈ ሥራ ነው። ስለዚህ መዋጮ በማንም የግል ስልክ ወይም የግል የባንክ ሒሳብ እንዳይገባ፣ በእድሩ ስም በተከፈተና ሦስት ሰዎች በጥምር በሚፈርሙበት ሒሳብ ብቻ እንዲሰበሰብ ይደረግ። በስልክ የላከ አባል የላከበትን መልእክት ለጸሐፊው ያስተላልፍ፤ ጸሐፊውም በዚያው ቀን የካርኒ ቁጥሩን ይመልስለት። ውዝፍ የገባ አባል ለቅሶው ቀን ሳይሆን ሁለተኛውን ወር ሳይከፍል ሲቀር ይደወልለት። ይደወልለት ስል በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስሙ ይለጠፍ ማለቴ አይደለም፤ አንዳንድ እድሮች የባለ ውዝፎችን ዝርዝር በግሩፕ ላይ እየለቀቁ እንደሆነ አይቻለሁ፣ የከፈለውም ያልከፈለውም የሚያፍርበት ነገር ነው። በሰው ፊት የተዋረደ አባል ውዝፉን ይከፍል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ችግሩን አይነግራችሁም።

የሒሳብ ንባብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር እርሱ ነውና። ብዙዎቻችን ሪፖርት የምናነበው በሦስት መስመር ነው፦ ካለፈው የዞረ ይህን ያህል፣ ዘንድሮ የገባ ይህን ያህል፣ የወጣው ተቀንሶ በባንክ ያለው ይህን ያህል። ይህ ሪፖርት ስህተት የለበትም፤ የሚነግረንም ነገር የለም። በአንድ እድር የታዘብሁት ንባብ ግን ሌላ ነበር። ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ የሒሳብ ትምህርት አላት፤ ወጪውን በየለቅሶው ለይታ፣ የማን ቤት መቼ ስንት እንደተከፈለ፣ ለድንኳን ተካዮች፣ ለትራንስፖርት፣ ለከሰል፣ ለንፍሮ እህል ብላ አንድ በአንድ አነበበች። ንባቡ ረዘመ፤ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እንዲህ ሁሉ ነው እንዴ የምናወጣው!» ብለው ሲገረሙ ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ አዲስ የተገዛው ድንኳን ጉዳይ ደረሰ። ኮሚቴው ከሦስት ነጋዴዎች የተቀበለውን ፕሮፎርማ ለየብቻ አሳየ፤ ርካሹን ለምን እንዳልመረጠም ሲያስረዳ ከሁለቱ ሸራ የተቀደደ ናሙና አምጥቶ ነበርና ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እናቶች በጣታቸው አሹት፣ አንዱ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው፣ አንድ የልብስ ስፌት ባለሙያ አባል «ይሄኛው ክረምት አይችልም፣ ያኛውን መግዛታችሁ ልክ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያ ድንኳን ሐሜት የሚያወራ ቢኖር አባሉ ራሱ ይመልስለታል፤ ሸራውን በእጁ ነክቷልና።

ንብረትም እንዲሁ ነው። ወንበሩ ስንት ነው፣ ስንቱ ተሰብሯል፣ ድስቱ ስንት ነው፣ የት ነው ያለው የሚለው በዓመት አንድ ጊዜ ከኮሚቴው ውጭ በሆኑ አባላት ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። በተለይ ሰፈራቸው በተነሣባቸው እድሮች ንብረቱ ከግቢ ወደ ግቢ ሲዛወር ያለ ርክክብ የተዛወረበት ብዙ ነው፤ ችኮላ ነበርና ማንንም አልወቅስም፣ አሁን ግን ችኮላው አልፏል።

አመራር ለአባል የሚገባው የተስፋ ቃል ነገርም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃ ዋጋ እንደጨመረ እኛ ቀባሪዎች ከማንም በፊት አውቀነዋል፤ የሬሳ ሳጥኑም፣ የአውቶቡስ ኪራዩም፣ የንፍሮው ስንዴም ነግሮናል። ከዓመታት በፊት ደንብ ላይ የጻፍነው የሞት ክፍያ ዛሬ ግማሽ ወጪ እንኳ አይሸፍንም። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት አመራር አየሁ። አንደኛው ምርጫ ሲደርስ «ክፍያውን በእጥፍ እናሳድጋለን» ብሎ ይመረጣል፤ መዋጮውን ግን ለመጨመር ስለሚፈራ በሁለተኛው ዓመት የባንኩ ደብተር ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው በአማካይ በዓመት ስንት ለቅሶ እንደሚደርስ፣ ያለው ገንዘብ ለስንት ዓመት እንደሚበቃ ቁጥሩን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ክፍያው እንዲያድግ ከፈለጋችሁ መዋጮው ይህን ያህል መሆን አለበት፤ አንችልም ካላችሁ ግን በነበረበት ይቆያል፣ እኔ የሌለ ገንዘብ ቃል አልገባም» ይላል። ሁለተኛው ሰው በዚያ ጉባኤ ላይ አይጨበጨብለትም። ጡረተኞች አባላት ሲያጉረመርሙም ትክክል ናቸው፤ የእነርሱ ገቢ አልጨመረምና ለእነርሱ የተለየ መላ መፈለግ አለበት። ነገር ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው የሚደውለው ለሁለተኛው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው፣ የተበተነ እድር ይቀጥል ወይስ ይከፋፈል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ላይ ለሁሉም የሚሆን መልስ አለኝ አልልም፤ አንዳንዱ እድር ርቀቱን ችሎ መቀጠል ይችላል፣ አንዳንዱ ደግሞ በየሳይቱ ቅርንጫፍ ቢያደርግ ይሻለዋል፣ አንዳንዱም ገንዘቡን በሥርዓት ተካፍሎ በሰላም ቢለያይ የተሻለ ነው። ምርጫው ምንም ይሁን ምን፣ ውሳኔው በቀሩት ሰዎች ብቻ ሲሰጥ ግን እድሩ ያኔውኑ አብቅቶለታል። ቀድመው የተነሡት «የሰፈሩ ነዋሪ አይደላችሁም» ተብለው ድምፅ ሲነፈጉ፣ ኋላ የቀሩት ሃያ ሠላሳ አባወራዎች የብዙ መቶ ሰው የዓመታት መዋጮ ወራሾች ሲሆኑ ሰምተናል። በሌላ በኩል ደግሞ አብዛኛው የኮሚቴ አባል አንድ ሳይት ስለደረሰው ድንኳኑና ወንበሩ ያለ ጉባኤ ወደዚያው ሳይት ሲጫን አለ። ሁለቱም «ለእድሩ ጥቅም» ተብሎ ነው የሚደረገው፤ የሚደረገው ግን ጥቅሙ የሚመለከተው ሰው በሌለበት ነው።

እንዲህ ያለው ጉባኤ ሲጠራ ጡሩምባ ነፊው በማይደርስበት ቦታ ላለው አባል በየስማቸው ይደወል፤ የተደወለበት ቀንና ያነሣው ሰው ስም ይመዝገብ። ቦታው ለሁሉም አማካይ የሆነ፣ ታክሲና አውቶቡስ የሚገኝበት ይሁን፤ አቅመ ደካሞች ለሚመጡበት የትራንስፖርት ወጪ እድሩ ቢሸፍን የሚባክን ገንዘብ አይደለም። መምጣት የማይችሉት በየሳይታቸው ተሰብስበው ተወካይ ይምረጡ፣ ተወካዩም የተፈረመ ወረቀት ይዞ ይምጣ። የኮሚቴ አባል በራሱ ሳይት ላይ በሚወሰን ነገር ድምፅ ከመስጠት ቢቆጠብ ደግሞ ምንም ሕግ ባያስገድደው እንኳ ያምርበታል።

ከገንዘብ ወጥተን ወደ ሰው ብንመጣ፣ አባል አመራሩን የሚመዝነው በሪፖርት ቀን ብቻ አይደለም። ባለ ፎቅ ቤት ለቅሶ ሲሆን ዳኛው ከነሙሉ ኮሚቴው ፊት ለፊት ተቀምጦ እስከ ሰልስት ሲያመሽ፣ በኪራይ ቤት የምትኖር እንጀራ ሻጭ ልጇ ሲሞትባት ደግሞ ለወጉ ብቅ ብሎ ሲሄድ፣ አባሉ ይህን ይቆጥራል። ማንም አይናገረውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። አንድ የማውቃቸው አረጋዊ ዳኛ በስብሰባ መግቢያ ላይ የቀሩትን ስም ከማስጠራታቸው በፊት ባለፈው ወር ያለ ፈቃድ ቀርተው ነበርና በራሳቸው ላይ የተጣለውን ቅጣት አስቀድመው በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ጸሐፊውም ካርኒ ቆርጦ ሰጣቸው። የቅጣቱ ገንዘብ አንድ ስኒ ቡና የሚገዛ አልነበረም። በዚያ እድር ግን ቅጣት ሲጠራ የሚጨቃጨቅ ሰው አላየሁም፤ እኔም ካየኋቸው ዳኞች ሁሉ በሥልጣን የሚበልጣቸው አላገኘሁም።

ስለ ሥልጣን ዘመንም በአጭሩ፦ ብዙዎቻችሁ ተተኪ ስላጣችሁ እንጂ ወንበር ወዳችሁ እንዳልቆያችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ሃያ ዓመት ያገለገለ ጸሐፊ ግማሹን መዝገብ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ እርሱ የታመመ ዕለት እድሩም ይታመማል። ማኅተሙ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የአባላት ዝርዝርና የተተኪ ወራሾች ስም ከአንድ ሰው በላይ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ፤ በየኮሚቴው ቢያንስ አንድ ወጣት ገብቶ ከአሁኑ ይልመድ።

በግልባጭ ለተጻፈላችሁ የወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ይህን ላክል። የእድር አመራር በሰፈሩ የሚሰማ ሰው መሆኑን ስለምታውቁ፣ ሕዝቡ በስብሰባ እንዲገኝ፣ ለአንዳንድ ጉዳይም ገንዘብ እንዲያዋጣ ስትፈልጉ የምትጠሩት እርሱን ነው። እድር ለሕዝብ ሥራ የማይሆን ነው እያልሁ አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሰው ሲጨርስ፣ ታማሚ ያስታመሙና ወላጅ አልባ ሕፃናትን የደገፉ እድሮች ብዙ ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ እድሮች ሥራውን የጀመሩት ጉባኤ ጠርተው፣ አባሉ «እኛ የተቋቋምነው ለመቅበር እንጂ ለማስታመም አይደለም» ብሎ ተከራክሮ፣ በመጨረሻም ደንባቸውን አሻሽለው ነው። ዛሬ ግን ዳኛው ጠዋት በስልክ ይጠራል፣ ከሰዓት መድረክ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ «እድራችን እንዲህ ሊያዋጣ ተስማምቷል» የሚል ወሬ አባሉ ጆሮ ይደርሳል። አባሉ ያላዋጣበት፣ ያልመከረበት ስምምነት ነው። እናንተ በዚያ ቀን የፈለጋችሁት ተፈጽሞላችሁ ይሆናል፤ ያ ሰው ግን በሰፈሩ ለዓመታት ያከማቸውን ተሰሚነት ነው ያስወጣችሁት፣ የሚተካለትም ከእናንተ ዘንድ የለም። የምንለምናችሁ ነገር ቀላል ነው፦ እድርን የሚመለከት ጉዳይ ሲኖራችሁ በጽሑፍ ላኩልን፣ ለጉባኤው እናቅርበው፣ ጉባኤው ያለውን በጽሑፍ እንመልስላችሁ። «አይሆንም» የሚል መልስ ከመጣም ዳኛውን አትቆጡት፤ የእርሱ ሥራ የአባላቱን ቃል ማድረስ ነው። በመነሳት ላይ ያሉ ሰፈሮችን በሚመለከት ደግሞ፣ ነዋሪው ወዴት እንደሚሄድ ሲወሰን የእድሩ ንብረት የሚቀመጥበትና ጉባኤ የሚደረግበት ቦታ አብሮ ቢታሰብ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

የተከበራችሁ አመራሮች፤ በደሞዝ የማታገለግሉ፣ ሌሊት ስልክ ሲጠራ ተነሥታችሁ የምትወጡ፣ እሑዳችሁን ለሰው ሐዘን የሰጣችሁ መሆናችሁን እያወቅሁ ነው ይህን ሁሉ የጻፍሁት። ከእናንተ የምጠይቀው ተጨማሪ ሥራ መሆኑም አይጠፋኝም፤ አንድ በአንድ ማንበብ፣ ማስቆጠር፣ መደወል፣ ካርኒ መላክ ጊዜ ይፈጃል። ለዚህ ሥራ ከአባላት መካከል ሒሳብ የሚያውቅ፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ ስልክ ለመደወል የማይሰንፍ ልጅ በየእድሩ አይጠፋም፤ ብትጠይቁት እሺ እንደሚላችሁ እገምታለሁ፣ እስካሁን አልተጠየቀም እንጂ።

ስለዚህ የሚቀጥለው መስከረም ሳይጠባ፣ ሰፈራቸው የተነሣባቸው እድሮች በሙሉ የተበተኑትንም አባላት ያካተተ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠሩ፣ ከተበተኑበት ቀን ጀምሮ ያለውን ገቢና ወጪ በዝርዝር እንዲያነቡ፣ ንብረታቸውን ከኮሚቴው ውጭ በሆኑ አባላት እንዲያስቆጥሩ፣ መዋጮ የሚገባበትንም ሒሳብ በእድሩ ስም እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእኛ እድር ይህንኑ ጉባኤ ሊያደርግ ተዘጋጅቷል፤ ሒሳብ እንዴት እንደምናነብ ለማየትም ሆነ የተሳሳትነውን ለመንገር የሌላ እድር ጸሐፊ ወይም ተቆጣጣሪ ሊገኝ ቢወድ በሩ ክፍት ነው፣ ወንበርም አለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የእድር ጸሐፊ
አዲስ አበባ